ቁስል የማይታይበት የሴት ብልት ሕመም፦ ጥናቱ ምን ይላል? በምርመራ ክፍላችንስ ምን እናድርግ?

#1 — አዋላጅ ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በአንድ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት ሳገለግል አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በባልደረቦቼ መካከል እንኳ በሹክሹክታ ካልሆነ የማይነሣ ነው፤ ስለዚህ ከሙያው ሰዎችም፣ ሕመሙን በራሳቸው ከሚያውቁት እህቶችም መማር እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ወደ ክፍሌ ገባች። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ግን ቀይሬዋለሁ። ካገባች ስምንት ወሯ ነው። ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። አራት የፈንገስ ቅባት ቱቦዎች ነበሩበት፤ አራቱም ከሥራቸው ተጠቅልለው እስከ አፋቸው ድረስ ተጨምቀዋል። "ሁሉንም ጨርሻለሁ፤ አንድም ቀን አልተሻለኝም" አለችኝ።

ሕመሟ በግንኙነት ጊዜ ገና በመግቢያው ላይ እንደ ምላጭ የሚሰማ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሰዓታት የሚለበልብ ነው። ሳትነካ ስትቀር ምንም አይሰማትም። ከእኔ በፊት ሦስት ቦታ ታይታለች፤ "ታይታለች" ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም በሁለቱ ቦታ ስለ ፈሳሽ ተጠይቃ መድኃኒት ተጻፈላት እንጂ ማንም አላያትም። በሦስተኛው ቦታ "ምንም የለብሽም፣ አዲስ ሙሽራ ስለሆንሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" ተብላ ተመልሳለች።

እኔም አየኋት። ቁስል የለም፣ የተለየ ፈሳሽ የለም፣ ሽታ የለም። ጓንት ባደረገው ጣቴ የመግቢያውን የታችኛውን ጠርዝ በጣም በቀስታ ስነካው ግን እግሮቿ ሳታዝዛቸው ተገጣጠሙ፤ የነጠላዋን ጥለት በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿን ዋጠች። ይህን እያየሁ በካርዷ ላይ ልጽፈው የምችለው ነገር አልነበረኝም። "ምርመራ፦ ጤናማ" ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ይህ ሕመም ስም አለው ወይ? ባለን ቀላል መሣሪያ ልንለየው እንችላለን ወይ? በጥናት ተፈትኖ ይረዳል የተባለው ሕክምናስ የትኛው ነው?

#2 — የማኅፀን ሐኪም

እህቴ፣ "ጤናማ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል" ያሉት ቃል ብቻውን ብዙ ተመራማሪዎች ለመድረስ አሥርት ዓመታት የፈጀባቸው ነጥብ ነው።

ሕመሙ ስም አለው። ቩልቮዲኒያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሦስት ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በጋራ በተስማሙበት ትርጉም መሠረት ቢያንስ 3 ወር የቆየ፣ ግልጽ መንሥኤ ያልተገኘለት፣ ነገር ግን ተያያዥ ሁኔታዎች ሊኖሩት የሚችል የውጫዊ ብልት ሕመም ማለት ነው። የእርስዎ ታካሚ ዓይነት፣ በመግቢያው ዙሪያ ብቻ የሚገኝና ሲነካ የሚቀሰቀሰው ሕመም ከዓይነቶቹ ሁሉ ይበልጥ የተጠናው ነው። በ1987 ፍሬድሪክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ሕመም መለያ መስፈርት አስቀምጦ ነበር። በመንካት ወይም ለመግባት በመሞከር የሚመጣ ብርቱ ሕመም፣ በመግቢያው ክልል የተወሰነ የመነካት ስቃይ፣ እና ከመጠነኛ መቅላት ያለፈ የሚታይ ነገር አለመኖሩ ናቸው። ከሦስቱ መካከል መቅላቱ በኋላ እንደ አስተማማኝ ምልክት አልተቆጠረም፤ የሁለቱ የመጀመሪያ መስፈርቶች ዋጋ ግን ዛሬም አለ።

ብርቅ በሽታም አይደለም። በ2003 የታተመው የቦስተን ጥናት ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ከ18 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 16 ያህሉ በሕይወታቸው ውስጥ 3 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም የመነካት ሕመም እንደነበራቸው ተናገሩ። ከእነዚህ መካከል አርባ በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከቶ ሕክምና አልፈለጉም። ሕክምና ከፈለጉት መካከል ደግሞ ስድሳ በመቶው ሦስትና ከዚያ በላይ ሐኪሞች ዘንድ ሄደዋል። ይህ የሆነው ቦስተን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ቦታ መዞር የእርስዎ ታካሚ ዕጣ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፣ ጥሩ ብርሃን እና ትዕግሥት ይበቃል። በመጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሯት፤ በማንኛውም ቅጽበት "ይቁም" ብትል እንደሚያቆሙም ያረጋግጡላት። እጅዎን በቀጥታ ወደሚያማት ቦታ አይውሰዱ። ከጭኗ ውስጠኛ ክፍል ይጀምሩ፣ ወደ ትልቁ ከንፈር፣ ከዚያ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ወዳለው እጥፋት ይለፉ፣ መግቢያውን በመጨረሻ በጥጡ በቀስታ ይጫኑ። በየነጥቡ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንድትሰጥ ይጠይቋትና ቁጥሩን በሥዕል ላይ ይጻፉ። በዚህ ሕመም ጭኑና ትልቁ ከንፈር 0 ሆነው የመግቢያው የታችኛው ክፍል 7 ወይም 8 ሊሆን ይችላል። ያ ልዩነት ነው ምርመራው።

እዚህ ላይ ለሀገራችን ባለሙያዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መጻሕፍቱ ቦታውን በሰዓት መደብ ይጠቅሳሉ፤ "6 ሰዓት" ሲሉም ወደ መቀመጫ የሚያቀናውን ታችኛውን ነጥብ ማለታቸው ነው። እኛ ደግሞ ሰዓት ስንቆጥር ረጅሙም አጭሩም ዘንግ ወደ ላይ ሲቆም ስድስት ሰዓት እንላለን። በዚህ ምክንያት ነርሷ "6 ሰዓት ላይ ያማታል" ብላ የጻፈችውን ሐኪሙ በተቃራኒው ጫፍ ላይ ሲፈልግ አይቻለሁ። በሰዓት ገጽ ላይ የታተመውን ቁጥር ብቻ እንከተል፤ ከተቻለም ሥዕል እንሣል።

የጥጡ ፍተሻ ግን ብቻውን አይበቃም። ፈሳሹን በአጉሊ መነጽር ማየት፣ የአሲድ መጠኑን በወረቀት መለካት፣ ቆዳውን እጥፋት በእጥፋት መመልከት፣ በመጨረሻም በአንድ ጣት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን መንካት ያስፈልጋል። ቩልቮዲኒያ የምንለው ኢንፌክሽን፣ የቆዳ በሽታ፣ የሆርሞን ማነስ፣ የነርቭ ጉዳትና ዕጢ አለመኖራቸውን ካየን በኋላ ነው።

#3 — ፋርማሲስት ከሐዋሳ

ስለ አራቱ ቱቦዎች ሳነብ ልቤ ተነካ፣ ምክንያቱም እኔም እነዚያን ቱቦዎች በመስኮት ስሸጥ ኖሬአለሁ። አንዲት ሴት ትመጣለች፣ ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለማሳከክ" ትላለች። እኔም ከዚያ በላይ እንዳላሳፍራት በማሰብ ሳልጠይቅ ቅባቱን እሰጣለሁ። አክብሮት የመሰለኝ ነገር ጉዳት ነበር።

በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የፈንገስ መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን መርምሯል። የካንዲዳ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነበሩ። ሌሎቹ የባክቴሪያ መዛባት ወይም የተቀላቀለ ችግር ነበረባቸው፤ ከመቶ 14 የሚሆኑት ላይ ደግሞ ምንም ኢንፌክሽን አልተገኘም። ከዚህ ቀደም በሐኪም ፈንገስ ተብለው የሚያውቁት እንኳ በራሳቸው ግምት የተሻሉ አልነበሩም።

በእኛም ጤና ጣቢያዎች ላቦራቶሪ በማይኖርበት ቦታ ሕክምናው በምልክት ላይ የተመሠረተ ነው። ያ አሠራር የተዘጋጀው ፈሳሽ ላለባት ሴት ነው፤ ፈሳሽ ሳይኖር ለሚያቃጥላት ሴት የሚሆን መስመር የለውም። እሷ ግን በዚያው መስመር ትገባና ቅባት ይዛ ትወጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅባቱ ራሱ ሊያቃጥል ይችላል። በብዙ ክሬሞች ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል በተቆጣ ቆዳ ላይ ይለበልባል። ሴቲቱም "በሽታው ባሰ" ብላ ሌላ ትጨምራለች። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ሳሙና፣ ዴቶል፣ ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ፣ አንዳንዴ ሎሚ ይታከልበታል። ወይባ የሚሞቁም አሉ፤ በጤናማ ቆዳ ላይ ደስ የሚል ባህላችን ቢሆንም ቆዳው ተቆጥቶ ሳለ ሙቀትና ጭስ መጨመር አይገባም። ዛሬ ለምትመጣ ሴት ሁሉ የምለው፣ በለብታ ውሃ ብቻ ይታጠቡ፣ የማያጣብቅ የጥጥ የውስጥ ልብስ ይልበሱ፣ ሁለተኛ ቱቦ ከመግዛትዎ በፊትም ይታዩ ነው።

#4 — የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ከጅግጅጋ

ውይይቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከመሠረቱ የጎደለው ነገር አለ ብዬ እከራከራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ከተገረዙት 73 በመቶው ሥጋ የተቆረጠባቸው፣ 7 በመቶው ደግሞ የተሰፉ ናቸው። እኔ በምሠራበት አካባቢ መስፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ብልት ሕመም ስንነጋገር "መንሥኤው ያልታወቀ" በሚል ስም ከመጀመራችን በፊት መንሥኤው በዓይን የሚታየውን መጠየቅ አለብን። ሐኪሙ የጠቀሷቸው መጻሕፍት መግቢያውን በሰዓት ቁጥር ሲከፋፍሉ ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ ቆጥረው ነው። ትንሹ ከንፈር በሌለበት፣ መግቢያው በጠባሳ በተሸፈነበት አካል ላይ ያንን ሥዕል ማንሣት አይቻልም።

#5 — አዋላጅ ከጎንደር

ትክክል ነዎት፤ ተቃውሞውንም በደስታ እቀበላለሁ። ታካሚዬን በሁለተኛው ቀጠሮ ጠየቅኋት፤ በሕፃንነቷ እንደተገረዘች ከእናቷ ሰምታለች። ስመለከታት የቂንጥሩ ሽፋን ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ጠባሳውን ስነካው ግን አላመማትም። ሕመሙ ከዚያ ርቆ በታች ነው። ስለዚህ እሷ ላይ ሁለቱም ነገሮች አሉ፣ አንዱ ግን የሌላው ምክንያት አይመስለኝም። ትክክል አስቤ ከሆነ ሐኪሙ ይንገሩኝ።

#6 — የማኅፀን ሐኪም

በትክክል አስበዋል። የጥጡ ፍተሻ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ጠባሳው እና ሕመሙ አንድ ቦታ መሆን አለመሆናቸውን ይነግረናል። ከጅግጅጋ የጻፉት ወንድሜ ያነሡትም ጉዳይ የሚታለፍ አይደለም። ከግርዛት በኋላ በተቆረጠው ነርቭ ጫፍ ላይ ኒውሮማ የሚባል በጣም የሚያም እብጠት ሊበቅል ይችላል። በጠባሳው ውስጥ የቆዳ ከረጢት ተፈጥሮ ዓመታት ሊያድግ ይችላል። እነዚህ በቀዶ ሕክምና የሚወገዱ ናቸው። ለተሰፋች ሴት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ስፌቱን የመክፈት ሕክምናን የወሊድና የሽንት ቧንቧ ችግሮችን ለመከላከልና ለማከም ይመክራል። በሥዕል ላይ የምንጽፈው የጎደለውንም ይሁን፤ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሌለ፣ የት እንደሚያም።

#7 — እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ልጆቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ሳነብ የራሴን መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ በስሜ ግን አልጽፍም።

የወር አበባዬ ከቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳከክ ጀመረኝ። ሌሊት ነው የሚብሰው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ ቀዝቃዛ ፎጣ እይዝበታለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ልጄ እንድታስተረጉም አልፈለግሁም፣ እንዴት ብዬ በልጄ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ላስነግር? ስለዚህ በእጄ አመለከትኩ። የፈንገስ መድኃኒት ሰጡኝ። አራት ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ ያንኑ ተቀበልኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን መስታወት ይዤ ራሴን አየሁ። ቆዳዬ ነጭ ሆኗል፤ እንደ ደረቀ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ስስና የተጨማደደ። ለምጽ መስሎኝ አለቀስኩ። ከንፈሩ ደግሞ ጠፍቷል፣ እንደ ተጣበቀ ነው።

ሌላ ሐኪም ዘንድ በስልክ የምታስተረጉም ሴት ተገኝታ፣ ፊቷን ስለማላያት ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሟ አይታ ወዲያው ላይክን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው አለችና ትንሽ ናሙና ወሰደች። አሁን በሳምንት ሁለት ሌሊት ቅባት እቀባለሁ፤ ማሳከኩ ጠፍቷል፣ የጠፋው ከንፈር ግን አልተመለሰም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ ቅባቱ ስቴሮይድ ነው፣ ሰዎች ቆዳ ያሳሳል ይላሉ። ዕድሜ ልኬን መቀባት አያስፈራም ወይ?

#8 — የቆዳ ሐኪም

እናቴ፣ ስለ ነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥያቄዎን በሙሉ ልብ እመልሳለሁ፦ እርስዎን ሊያስፈራዎት የሚገባው ቅባቱን መተው ነው።

በሲድኒ የተሠራውና በ2015 የታተመው ጥናት ላይክን ስክለሮሰስ ያለባቸውን 507 ሴቶች ለዓመታት ተከታትሏል። ቅባታቸውን እንደታዘዘው ሳያቋርጡ ከተጠቀሙት 357 ሴቶች መካከል አንዲትም እንኳ የብልት ካንሰር አልያዛትም። እያቋረጡ ከተጠቀሙት 150 ሴቶች መካከል ግን 7ቱ ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር ተገኘባቸው። ጠባሳውና መጣበቁም ሳያቋርጡ በተጠቀሙት ዘንድ እጅግ ያነሰ ነበር። በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ባይሆንም እኔ ለታካሚዎቼ የምነግረው ይህንን ውጤት ነው፤ ምክንያቱም ለብዙዎች ማሳከኩ ሲጠፋ ሕክምናው ያለቀ ይመስላቸዋል።

የቆዳ መሳሳት ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በሀገራችን ፊት ለማቅላት በሚል ጠንካራ ስቴሮይድ እየተቀባ ብዙ ሴት ተጎድታለች። እዚህ ግን መጠኑ የተለካ ነው። የተለመደው አሠራር 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ለአንድ ወር በየሌሊቱ፣ ለሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት እያለፉ፣ ለሦስተኛው ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። 30 ግራም ቱቦ ለእነዚህ ሦስት ወራት መብቃት አለበት። በአንድ ወር ካለቀ በዝቷል፤ ዓመት ከቆየ ደግሞ ታካሚዋ ፈርታለች ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ታካሚዎቼ ቱቦውን ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ።

ባለሙያዎች ሁሉ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች ብዙዎቹ በነጭ ቆዳ ላይ የተወሰዱ ናቸው። "መቅላት" የሚለው ምልክት በእኛ ቆዳ ላይ ጠይም ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ስለሚታይ ያልፈናል። መንጣቱ ደግሞ እናቴ እንዳሉት ለምጽ ይመስላል። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፤ ለምጽ ቀለሙን እንጂ የቆዳውን ልስላሴ አይለውጥም፣ ቅርጹን አያጠፋም፣ ብዙ ጊዜም አያሳክክም።

ለሕክምና የማይሸነፍ፣ የደደረ፣ የቆሰለ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ካለ ግን ናሙና መውሰድ ግዴታ ነው። ኤች ፒ ቪ በተባለው ቫይረስ ምክንያት የሚመጣው ቅድመ ካንሰር በተለይ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሴቶች ላይ ይበዛል። ለዚህም ጥሩ ዜና አለ። በ2022 የታተመ የአውሮፓ ሙከራ 110 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ኢሚኪሞድ የተባለውን ቅባት ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ቅባቱ ከቀዶው ያነሰ ውጤት አላሳየም። የሰውነት ክፍሏን ላለማጣት ለምትፈልግ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባትም የሚከላከለው የማኅፀን ጫፍ ካንሰርን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነው።

#9 — ፊዚዮቴራፒስት ከአዲስ አበባ

ወደ አዋላጇ ሦስተኛ ጥያቄ ልመለስ። የሕክምናው ጥናት ታሪክ ለብዙዎቻችን ትሕትናን የሚያስተምር ነው። ለዓመታት ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚያዝዙት ለነርቭ ሕመም የሚሆኑ መድኃኒቶችን ነበር፤ ምክንያታዊም ይመስል ነበር። በ2010 ዴሲፕራሚን የተባለው ክኒን እና የሊዶኬይን ክሬም በ133 ሴቶች ላይ ከማስመሰያ (መድኃኒቱን መስሎ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን ወይም ክሬም) ጋር ተፈተኑ። ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ ከማስመሰያው አልበለጡም። በ2018 ደግሞ ጋባፔንቲን በ89 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ያንኑ ሆነ። ይህ ማለት ማንም ሴት በእነዚህ አልተጠቀመችም ማለት ባይሆንም፣ "መጀመሪያ ክኒን እንሞክር" የሚለው ልማዳችን የቆመበት መሬት ጠንካራ አይደለም ማለት ነው።

በሌላ በኩል በ2021 የታተመው የካናዳ ሙከራ 212 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሏል። ግማሾቹ ለ10 ሳምንታት ፊዚዮቴራፒ አገኙ፤ ግማሾቹ ሌሊት ሌሊት ሊዶኬይን ቅባት ተቀቡ። ከፊዚዮቴራፒው ቡድን 79 በመቶው "በጣም ተሽሎኛል" ወይም ከዚያ በላይ ሲሉ፣ ከሊዶኬይኑ ቡድን ይህን ያሉት 39 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም።

ሰዎች ፊዚዮቴራፒ ሲባል ጡንቻ ማጠንከር ይመስላቸዋል። እዚህ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። በተደጋጋሚ የታመመ አካል ገና ሳይነካ ይኮማተራል፤ አዋላጇ "እግሮቿ ሳታዝዛቸው ተገጣጠሙ" ያለችው ይህንኑ ነው። የተኮማተረው ጡንቻ መግቢያውን ያጠብባል፣ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ ጡንቻው ደግሞ ይበልጥ ይኮማተራል። ሥራችን ይህን ቀለበት መፍታት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ትንፋሿ ወደ ታች እስከ ዳሌዋ ወለል እንዲወርድ ብቻ እንለማመዳለን። ከዚያ ራሷ፣ በራሷ ጣት፣ በንጹሕ ዘይት፣ ከሕመም በታች ባለ ግፊት ትጀምራለች። ልኩን የምትወስነው እሷ ናት።

ቀዶ ሕክምናም አለ። የታመመውን የመግቢያ ገለፈት ቆርጦ ማውጣት ነው። በ2001 የታተመ የሞንትሪያል ጥናት በ78 ሴቶች ላይ ቀዶ ሕክምናን፣ በቡድን የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምናን እና በመሣሪያ የታገዘ የጡንቻ ልምምድን አነጻጽሮ በስድስት ወሩ ቀዶው ሕመምን በመቀነስ በልጦ ተገኝቷል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ግን በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማቸው ሕመም ሲጠየቁ የሥነ ልቦና ሕክምና ያገኙት ከቀዶዎቹ ጋር ተስተካክለው ነበር። ስለዚህ ቢላዋው የመጨረሻው በር ይሁን።

#10 — የሕክምና ተማሪ

ከይቅርታ ጋር አንድ ጥያቄ አለኝ። ማስመሰያ የወሰዱት ሴቶች ከተሻላቸው፣ የሥነ ልቦና ሕክምናም ከረዳ፣ ሕመሙ በአእምሮ የተፈጠረ ነው ለሚሉት ሰዎች ምን ብለን እንመልሳለን?

#11 — የማኅፀን ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታካሚዎችም በፍርሃት ይጠይቁታል። በ2010ሩ ሙከራ ማስመሰያ የወሰዱት ሕመማቸው በሲሶ ገደማ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን በማስመሰያ የጉልበት ሕመምም፣ የራስ ምታትም ይቀንሳል፤ ጉልበቱ የለም አንልም።

በሥጋ ደረጃ የተገኘው ይበልጥ ይናገራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የስዊድን ተመራማሪዎች ከታመመው ቦታ ናሙና ወስደው ሲያዩ ከጤነኞቹ ይልቅ የነርቭ ጭረቶች በዝተው አገኙ፤ ቀጫጭኖቹ፣ ሕመም ተሸካሚዎቹ። በ2011 ደግሞ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ካንዲዳን ደጋግሞ በማስያዝና በማከም፣ ፈንገሱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ አንዳንዶቹ አይጦች በመነካት የሚሰቃዩ ሆነው እንደቀሩና በቦታው አዳዲስ ነርቮች እንደበቀሉ አሳየ። አይጥ "አዲስ ሙሽራ ስለሆንሽ ነው" ሊባል አይችልም። ይህ ግኝት ለእኔ የአራቱን ቱቦዎች ታሪክም ያብራራል። የመጀመሪያው ፈንገስ ምናልባት እውነተኛ ነበር፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን የቀረው ነርቩ ነው። ነርቭን ደግሞ በፈንገስ መድኃኒት አናክመውም።

#12 — የሳሪስ ነዋሪ

ባል ሆኜ ነው የምጽፈው። ለሁለት ዓመት ሚስቴ እኔን መጥላቷ መስሎኝ ኖርኩ። አኩርፌ ሳሎን የተኛሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪሙ እሷ እየፈቀደች እኔም ባለሁበት ቁጥር ሲጽፍ ነው የገባኝ፤ ጭኗ ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ድንገት ስምንት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት ግንኙነቱን ትተን ሌላውን ሁሉ ቀጠልን። ባሎችም ይጠሩ፤ እባካችሁ አብረን እንግባ በሉን።

#13 — አዋላጅ ከጎንደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ታካሚዬ ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነበር። ፈሳሹን ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ፤ ፈንገስ አልተገኘበትም። በጥጡ ከጭን ጀምሬ ሄድኩ። ጭን ግራ 0፣ ቀኝ 0። ትልቁ ከንፈር 0 እና 0። እጥፋቱ 1። የቂንጥሩ ጠባሳ 0። መግቢያው ላይ፣ በሰዓት ገጽ በታተመው ቁጥር 5 ላይ 8፣ 6 ላይ 9፣ 7 ላይ 8፤ ከላይ በ12 አጠገብ 2። በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል እስክትተነፍስ ጠበቅሁ። በዘጠኙ ላይ እንባዋ መጣ፤ "ላቁም?" ስላት "አይ፣ ጨርሺው፣ ይጻፍ" አለች።

ቅባቶቹን በሙሉ አቁመናል። ውሃ ብቻ። ባሏ በሚቀጥለው ሳምንት አብሯት ይመጣል፤ የሳሪሱን ወንድማችንን መልእክት ስሙን ሳልጠራ ነገርኳት። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የምጽፈውን ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው፤ የቁጥሩን ሥዕልም አያይዤበታለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የትንፋሽ ልምምድ እዚሁ ጤና ጣቢያ ልናስጀምራት እንድንችል ቅደም ተከተሉን በዝርዝር ቢጽፉልኝ እለምናለሁ።

በካርዱ ላይ "ጤናማ" የሚለውን አልጻፍኩም። "በብልት መግቢያ የተወሰነ፣ በመነካት የሚቀሰቀስ ሕመም፣ ስምንት ወር" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላት። ካርዱን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው።

#14 — ፊዚዮቴራፒስት ከአዲስ አበባ

ዛሬ ማታ እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ይጀምሩ፤ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ከጉልበቶቿ ሥር ትራስ አድርጋ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አኑራ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ በቀስታ ትተንፍስ። ወደ ውስጥ ስትስብ ሆዷ እጇን ወደ ላይ ይግፋ፣ የዳሌዋ ወለልም ወደ ታች ይልቀቅ። በዚህ ሳምንት ምንም አትንካ።